የእማማ ነጠላ ለምን ቀላ?

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ “ለተራ አንባቢ የሚሆን አንድ የሳይንስ ጽሑፍ አቅርቡ” ስንባል ክላስ ውስጥ የተሰማውን ጉርምርምታ የሁለተኛ ዓመት ልጆች አትረሱትም። ገሚሱ ስለ ሞባይል፣ ገሚሱ ስለ ጨጓራ ጻፈ። እኔ የመረጥኩት ርእስ “አንዳንድ የብረታ ብረት አዮኖች ውኃ ውስጥ ሲሟሙ ለምን ቀለም ይኖራቸዋል?” የሚል ነበር። ርእሱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር “አንቺ ልጅ፣ ዲፓርትመንት ተሳስተሽ ነው እንዴ የገባሽው?” የሚል ድምፅ መጣ። ክላሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ግን አልተሳሳትኩም። ይህ ጥያቄ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ገደማ የበላብኝ ጥያቄ ነው። እንዴት ማለት ጥሩ ነው፤ ላጫውታችሁ።

ፓምፑ የመጣ ጊዜ

ያደግኩት ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቅ መንደር ነው። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደጋ ነው፣ ገደል ነው፣ ድንጋዩ ቀይ ነው። ሰው የሚኖረው ላይ ነው፤ ውኃው ያለው ታች ነው። ምንጩ ከገደሉ ሥር ስለሆነ ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረዱ ቀላል ነው፤ ሞልቶ ተሸክሞ መውጣቱ ግን ጉድ ነው። ወንድሞቼ ከብት ይጠብቃሉ፤ ውኃ መቅዳት የእኔ ሥራ ነበር። ጠዋት አንድ ዙር፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ዙር። አንዱ ዙር ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

በ2009 ዓ.ም፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረና የእጅ ፓምፕ ተተከለ። የዚያን ቀን እልልታው ለብቻው ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ጠዋት እስኪነጋ መተኛት መቻሌ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ማታ ጠርቶ የተቀዳው ውኃ ጠዋት ሲያዩት ቀላ ብሎ፣ ከጀሪካኑ ሥር ዝገት የመሰለ ደለል አስቀምጦ ይገኛል። ሻይ ሲፈላበት ሻዩ እንደ ቀለም ቅጠል ጥቁር ይላል። አፍ ውስጥ የሚስማር ጣዕም ይተዋል። “አዲስ ጉድጓድ ስለሆነ ነው፤ ይጠራል” ተባለ። አልጠራም።

ከዚያ ገና ደረሰ። በእኛ አገር ገና ማለት ላሊበላ ነው። ሰው ከየገጠሩ ነጭ ለብሶ፣ ስንቁን ይዞ፣ ሌሊት ሳይቀር በእግሩ ይጎርፋል። አያቴ፣ እማማ ነው የምንላት፣ ለገና ብቻ የምታወጣት አንዲት ነጠላ ነበረቻት። እኔ ነኝ ያጠብኳት። በደንብ ትንጣ ብዬ በፓምፑ ውኃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳት። ጠዋት ሳወጣት ነጠላዋ ሻይ የተደፋባት መስላለች። ባሽሁት ቁጥር ይብስበታል። እማማ አልጮኸችብኝም። ነጠላዋን ወደ ፀሐይ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻትና “ልጄ፣ ምን ነካብሽ?” አለችኝ። የዚያን ዓመት ገናን የጎረቤት ነጠላ ተውሳ ሄደች። እኔ ቤት ቀረሁ፤ አልቅሼ ነው የቀረሁት።

ከገና በኋላ ወሬው ተነሣ። አንዱ ጉድጓዱ የጥንት መቃብር ነካ አለ። ሌላው ሰው መድኃኒት ጨምሮበታል አለ፤ ማን እንደጨመረም ስም መጥራት ተጀመረ። ቀይ ድንጋይ ተወግቶ የደማ ነው ያሉም ነበሩ። ውኃው ደም ሆነ የሚለው ወሬ ሲበረታ የአጥቢያችን ቄስ “ውኃ ደም የሆነው በፈርዖን አገር ነው፤ እኛ ማንን አስጨንቀን? ይልቅ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ” አሉ። ተጠየቀ። አንድ ባለሙያ መጣ። በጠርሙስ ውኃ ወሰደ። ከወራት በኋላ “ውኃው ለጤና ችግር የለውም፤ ጠጡ” የሚል መልስ ተላከ። ለምን እንደሚቀላ የነገረን አልነበረም።

እስቲ አስቡት። ዓይንህ ቀይ ውኃ እያየ “ችግር የለውም” የሚልህን ሰው ታምናለህ? ሰዉ ይልቁንም “ለምን ሊያጠጡን ፈለጉ?” አለ። ለፋሲካ ፓምፑ አጠገብ የሚታየው ጨው ፍለጋ ድንጋዩን የሚልስ ፍየል ብቻ ነበር። እኔም ጀሪካኔን ይዤ ወደ ገደሉ ተመለስኩ። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ከክፍሌ ከሁለተኛ ወደ አሥራ አንደኛ ወረድኩ። ምክንያቱ ፓምፑ ብቻ ነው አልልም። ግን የቤት ሥራዬን የምሠራበት ሰዓት የት እንደገባ አውቃለሁ።

ሁለቱ ብርጭቆዎች

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ ወጣሁ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰና ትምህርታችን ለወራት ተቋረጠ። ስንመለስ ብዙ ነገር አልነበረም። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ላብራቶሪ የሚባለው ክፍል ወንበር የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን አንድ ቀን ሁለት ብልቃጥ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ሻማና አንድ አሮጌ ማንኪያ ይዘው ገቡ።

አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ኮፐር ሰልፌት ነበር፤ መዳብ ያለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ውስጥ ዚንክ ሰልፌት። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ውኃ ውስጥ ጨመሩና አማሰሉ። አንደኛው ብርጭቆ የመስከረም ሰማይ መሰለ። ሁለተኛው ያው ውኃ ነው።

“ሁለቱም ሰልፌት ናቸው” አሉ ቲቸር። “ስለዚህ ሰማያዊነቱ ከሰልፌቱ አልመጣም። ከመዳቡ ነው። ግን ከመዳቡ ብቻ ነው ወይ?”

ቀጥለው ሰማያዊውን ጠጠር ማንኪያው ላይ አድርገው ከሻማው በላይ ያዙት። ጠጠሩ እየተሰነጠቀ፣ ቀስ እያለ ሰማያዊነቱ ጠፋና አመድማ ነጭ ዱቄት ሆነ። ሲቀዘቅዝ አንድ ጠብታ ውኃ አደረጉበት። ወዲያው ሰማያዊ ሆነ! ክላሱ ጮኸ። (ኮፐር ሰልፌት መርዛም ነውና ያ ማንኪያ ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት አልገባም፤ እናንተም በቤታችሁ እንዳትሞክሩት።)

እጄን አወጣሁ። “ቲቸር፣ ውኃው ቀለም የለውም፤ ዱቄቱ ነጭ ነው። ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ?”

“እሱ ፈተና ላይ አይመጣም” አሉኝ። ቀጥለው ሳቁና “ግን በዕረፍት ሰዓት ቅሪ” አሉ። ቀረሁ።

አምስቱ መደቦች

መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰለን እንጂ የማርያም መቀነት ላይ የምናያቸው ቀለሞች ሁሉ ድምር ነው። ከዚህ ድምር ውስጥ አንዱ ሲወሰድ የቀረው ቀለም ሆኖ ይታየናል። መዳብ ያለበት ውኃ ቀለም እየረጨ አይደለም፤ ከብርሃኑ የቀዩን ወገን እየወሰደ ነው። የተረፈው ሲታይ ሰማያዊ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ ነበር። ለኮርሱ በጻፍኩት የመጀመሪያ ረቂቅ “የመዳብ አዮን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚውጥ ሰማያዊ ይሆናል” ብዬ ነበር፤ ኬሚስትሪ የሚማር ጓደኛዬ አይቶ “የተዋጠ ነገር እንዴት ዓይንሽ ይደርሳል?” አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን መዳቡ ለምን ቀዩን ይወስዳል? ቲቸር ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አምስት አጫጭር መስመሮች በአንድ ከፍታ ሣሉ። ዲ ኦርቢታል የሚባሉ የኤሌክትሮን ማረፊያዎች ናቸው። እኔ በልቤ አምስት መደብ አልኳቸው። እያንዳንዱ መደብ ሁለት ኤሌክትሮን ያስቀምጣል። አዮኑ ብቻውን ሲሆን አምስቱም መደቦች እኩል ናቸው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ብቻውን የሚተወው የለም። የውኃ ሞለኪውሎች፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሆነው፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ይከቡታል። የሚጠጉት በኦክስጅናቸው በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ኔጌቲቭ ቻርጅ ያመዝናል። ኤሌክትሮንም ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ከአምስቱ መደቦች ሁለቱ በቀጥታ ወደ ውኃዎቹ ያመለክታሉ፤ እዚያ መቀመጥ ይከብዳልና ኢነርጂያቸው ከፍ ይላል። ሦስቱ በውኃዎቹ መካከል ስለሚያልፉ ዝቅ ይላሉ። እኩል የነበረው ቤት ምድርና ፎቅ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ብርሃን ይመጣል። ታች የተቀመጠ ኤሌክትሮን ፎቁ ላይ ክፍት ቦታ ካለ መዝለል ይችላል። ለመዝለል ግን የከፍታው ልዩነት የሚጠይቀውን ያህል ኢነርጂ ያስፈልገዋል። ትራንዚሽን ሜታልስ በሚባሉት፣ እነ መዳብ፣ ብረት፣ ኮባልት፣ ኒኬል ባሉበት ወገን፣ ይህ ልዩነት ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን ኢነርጂ ጋር ይገጣጠማል። ኤሌክትሮኑ ለዝላዩ የሚስማማውን ብርሃን ወስዶ ይዘላል፤ የቀረው ወደ እኛ ያልፋል። የመዳብ አዮን በመደቦቹ ላይ ዘጠኝ ኤሌክትሮን አለው። ቦታው አሥር ነው፤ ስለዚህ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ዝላይ አለ፤ ቀለም አለ። የዚንክ አዮን አሥር አለው። ቤቱ ሞልቷል፤ የሚዘለልበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ውኃው ውኃ ሆኖ ይቀራል። የስካንዲየም አዮን ደግሞ እነዚህ መደቦቹ ባዶ ናቸው፤ የሚዘል የለም። ሰው የሞላበት ቤትም፣ ሰው የሌለበት ቤትም ጨዋታ የለውም። “አንዳንድ” የምትለዋ ቃል ርእሴ ላይ የገባችው ለዚህ ነው። የወጥ ጨዋችን ሲሟሟ ቀለም የማያወጣውም ሶዲየም በእነዚህ መደቦች ላይ ምንም ኤሌክትሮን ስለሌለው ነው።

የከፍታው ልዩነት በማንነቱ ብቻ አይወሰንም፤ በከባቢውም ይወሰናል። ማንኪያው ላይ ያየነው ይህን ነው። ውኃው ተኖ ሲሄድ የመዳቡ ጎረቤቶች ተለወጡ፤ የሚወስደው ብርሃን ከምናየው ወገን ወጣ፤ ነጭ ሆነ። ውኃው ሲመለስ ሰማያዊው ተመለሰ። በውኃው ፈንታ አሞኒያ ሲከበው ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋና ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ኮባልት ውኃ ሲከበው ሮዝ ነው፤ ብዙ ክሎራይድ ሲከበው ሰማያዊ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን አላወቀውም። አልፍሬድ ቬርነር የተባለ በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረ ኬሚስት የኮባልት ውሕዶች ለምን በብዙ ቀለም እንደሚገኙ ሲመራመር ነው አንድ አዮን በስንት ጎረቤት፣ በምን አኳኋን እንደሚከበብ ያስረዳው። በ1913 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘበት። መደቦቹ ለምን ምድርና ፎቅ እንደሚሆኑ የሚያስረዳውን ስሌት ደግሞ ሐንስ ቤተ የተባለው የፊዚክስ ሰው በ1929 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዓለም ቀለሙን ለሺህ ዓመታት አይቶታል፤ ምክንያቱን ካወቀ ግን ገና መቶ ዓመት አካባቢ ነው። የእኛ መንደር ስላላወቀው አልፈርድበትም።

“ገባኝ ቲቸር” ስል፣ “ቆይ፣ ደንቡ ሲገባሽ ደንቡን የሚያፈርስ ይመጣል” አሉኝ። ፖታሺየም ፐርማንጋኔትን አስታወሱኝ፤ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው። ውስጡ ያለው ማንጋኒዝ በአምስቱ መደቦች ላይ አንድም ኤሌክትሮን የለውም። በደንቡ ከሄድን ቀለም አይኖረውም ነበር። ግን ጥቂት ፍሬ ባልዲ ውኃ ታቀላለች። ምክንያቱ ሌላ ዓይነት ዝላይ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ከጎረቤቱ ከኦክስጅን ተነሥቶ ወደ ብረቱ ይሻገራል። ከምድር ወደ ፎቅ ሳይሆን ከጎረቤት ቤት ወደ ቤት እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ዝላይ ብርሃንን እጅግ አብዝቶ ስለሚወስድ ቀለሙ ኃይለኛ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ሻያችን ዘንድ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ወደ ጀሪካናችን ስንመለስ

ብረት ሁለት መልክ አለው። ኦክስጅን በሌለበት፣ መሬት ውስጥ፣ ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ ብረት ሁለት ሆኖ ውኃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል። ቀለሙ በጣም ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ በሚገኘው ትንሽ መጠን ደግሞ ዓይን አያየውም። ፓምፑ ላይ መስተዋት የመሰለን ውኃ ብረቱን በሆዱ ይዞ ነበር። አየር ሲያገኘው አንድ ኤሌክትሮን ጨምሮ ያጣና ብረት ሦስት ይሆናል። ብረት ሦስት ደግሞ እንዲህ ባለ ተራ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት አይሆንለትም፤ ዝገት ሆኖ ይወጣል። ሌሊቱን ጀሪካኑ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ስለዚህ ለእውነቱ፣ ጠዋት የምናየው ቅላት በአብዛኛው የሟሟ አዮን ቀለም ሳይሆን በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ የዝገት ብናኝ ነው። ነጠላዋ ውስጥ የገባውም እሱ ነው። ባሽሁትና አየር በነካው ቁጥር የባሰውም ለዚሁ ነው።

ሻዩስ? ሻይ ቅጠል ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ታኒን ብረት ሦስትን ሲያገኝ ይከበዋል። በመካከላቸው ያ ከጎረቤት ወደ ቤት የሚደረገው ዝላይ ይፈጠራል፤ ብርሃኑ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዋጥና ጥቁር ይቀራል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ጥቁር ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ፣ ከብረትና ከታኒን ነው። እኛ በስኳር ጠጣነው።

የላሊበላን ድንጋይ ያቀላውም ይኸው ብረት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀላ ያለ ድንጋይ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው የቀላው። የደማችንም ቅላት ብረት ካለበት ሄሞግሎቢን ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ “ድንጋዩ ደማ” ያሉት ሽማግሌ ምክንያቱን ሳቱት እንጂ ዝምድናውን አልሳቱትም።

ብረት መልኩን ሲለዋውጥ በትልቁ ማየት የፈለገ ደግሞ ዳሎልን ያስብ። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ እጅግ አሲዳማ የሆነ ፍል ውኃ ከመሬት ይወጣል። አሲዱ ከባድ ስለሆነ ብረቱ ሟሙቶ ይቆያል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው የዳሎል ቀለሞች በዋናነት የብረት ሥራ ናቸው። አዲስ የፈለቀው ውኃ አረንጓዴ ነው፤ አየር እያገኘ ሲሄድ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ይሆናል። እኛ በአንዲት ጀሪካን ያየነውን ዳሎል በመስክ ሙሉ ያሳያል።

ደግሞ ቀለም ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ተከዜ በክረምት የሚደፈርሰው በአፈር ነው፤ በብርጭቆ ቢያስቀምጡት ይዘቅጣል። በቤተ ማርያም ግቢ ያለችው ኩሬ የምትለመልመው ላይዋ ላይ በሚበቅለው ተክል ነው። ወገልጤና አካባቢ የሚወጣው የደላንታ ኦፓል ያን ሁሉ ቀለም የሚያሳየው ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች ብርሃኑን ስለሚበታትኑት ነው። ዓይን ቀለሙን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም።

ጤናውንስ ዓይን ይነግረናል? እሱንም አይነግረንም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ላለ ብረት ከጤና አንጻር ያወጣው የገደብ ቁጥር የለም፤ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲበልጥ ግን ልብስ እንደሚያቀላ ይገልጻል። በሌላ በኩል በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ምንም ቀለም የለውም። ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርምም በጠራ ውኃ ውስጥ አይታይም። እኛ ቀዩን ውኃ ሸሽተን ወደ ጠራው ምንጭ ስንወርድ፣ ምንጩ ላይ ከብቶችም አብረውን ይጠጡ ነበር።

“አያትሽ ይገባቸዋል?”

የመጀመሪያውን ረቂቅ ያየው መምህራችን ከጽሑፉ ሥር በቀይ እስክርቢቶ አንድ መስመር ጻፈልኝ፤ “ጥሩ ነው፤ ግን አያትሽ ይገባቸዋል?” ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት መልሱን ስለማውቅ ነው።

ለገና አገር ቤት ስገባ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ፓምፑ እጀታው ተይዞ ነበር። ከጎረቤት ልጅ ጋር ዘይት አድርገን ብዙ ታገልነው፤ በስተመጨረሻ ውኃ ሰጠን። መጀመሪያ የወጣው ቀይ ነው፤ ያ የቧንቧው ዝገት ሊሆን ይችላል ብለን ደፋነው። ብዙ ከቀዳን በኋላም ጠርቶ የወጣው ውኃ ቆይቶ ሲቀላ ብረቱ ከመሬቱ እንደሚመጣ ገመትኩ። አንዱን ሃይላንድ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቼ አጥብቄ ከደንኩት። ሌላውን ግማሽ ቀድቼ ክፍቱን ተውኩት። ሁለቱንም እማማ መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሲነጋ ክፍቱ ቀልቷል፤ የተከደነው እንዳለ ነው።

እማማ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። “አንድ ውኃ ነው?”

“አንድ ነው እማማ። አንቺው ፊት ነው የቀዳሁት።”

“ታዲያ ማን ነካው?”

“አየር ነው የነካው። ውስጡ ብረት አለ፤ አየር ሲያገኝ ይዝጋል። እንደ ማረሻው።”

ማረሻውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ኦርቢታሉን ትቼ ስለ ብርሃኑና ስለ የማርያም መቀነት ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና “እንግዲያ እኛ የምናየው የተረፈውን ነው በይኛ” አለች። ቲቸር በሰሌዳ ሙሉ ያሉትን በአንድ አፍ ጨረሰችው።

ቀጥለን ውኃውን ከጆግ ወደ ጆግ ሃያ ሠላሳ ጊዜ እያንቆረቆርን አየር አጠጣነው። ሌሊቱን አሳደርነው። ጠዋት ሥሩን በተበሳ ጀሪካን ውስጥ በታጠበ አሸዋ አጠለልነው። በተጠለለው ሻይ አፈላሁ፤ ባልተጠለለውም አፈላሁ። አንዱ ሻይ ነው፤ አንዱ ጥቁር ነው። እማማ ሻይ የመሰለውን አንሥታ ጠጣችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

“ይህን ያኔ ቢነግሩን ምን ነበረበት?” አለች።

መልስ አልነበረኝም። ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ባለሙያው ያለው ነገር ውሸት አልነበረም። የጎደለው “ለምን” የምትለዋ ነበረች፤ እሷ ስለጎደለች የመጣው መልስ አልታመነም፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ስም አነሣ፣ ፓምፑም ዛገ። እኔ ጋዜጠኝነት የምማረው ዜና ለመሮጥ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን “ችግር የለውም ተባለ” ብሎ መጻፍ ሙሉ ሥራ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ታሪኩ ሁሉ አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። ስንት ዓመት የቆመ ጉድጓድ ስለሆነ ሳይፈላ አትጠጡት፣ መጀመሪያ ይመርመር ብያለሁ፤ ምርመራው እስካሁን አልተደረገም። አንዲት ጎረቤታችን “የተማረ ያለው ሁሉ እውነት ነው እንዴ?” ብላ ሄዳለች። ሁለት ቤቶች ግን አሸዋ አጥበው ጀሪካን በስተዋል። ከሁለቱ በአንደኛው የእኔን ዕድሜ የነበረች፣ ያኔ እኔ የወረድኩትን ገደል ዛሬ የምትወርድ ልጅ አለች።

ነጠላዋ? እማማ አልጣለቻትም ነበር፤ ሣጥን ውስጥ ናት። ሎሚ ጨምቄ ቅላቱ ላይ እያሸሁ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። የሎሚው አሲድ ብረቱን ዙሪያውን ይከበውና ከጨርቁ አላቆ ወደ ውኃው ይወስደዋል፤ ያው የቲቸር የጎረቤት ለውጥ ነው። በተጠለለ ውኃ አለቀለቅኳት። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። አብዛኛው ለቀቀ። ጥለቷ አጠገብ ግን የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ትንሽ ቅላት ቀርቷል። “ተይው፣ ይበቃል” አለች እማማ። ለብሳት ላሊበላ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ።